የአያታችሁን ሲንጀር እግር ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

«ቁራሌው!» የሚለው ድምፅ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ በየሰፈሩ ይሰማል። ጓሮ ዝናብ ሲመታው የኖረው የሲንጀር የብረት እግርም አንዳንዴ በዚያው ይሄዳል፤ ከአሮጌ ቆርቆሮ ጋር በኪሎ ተመዝኖ። ቦሌ ካፌ ስትገቡ ደግሞ ያው እግር ጥቁር ተቀብቶ፣ ጣውላ ተደርጎበት፣ የማኪያቶ ጠረጴዛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ታዲያ ዝገቱን ማን አስለቀቀው? እናንተም ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። እንዴት የሚለውን እንንገራችሁ።

ብረቱ ምንድን ነው?

ጋራዥ ውስጥ «ጊዛ» ይሉታል። ቀልጦ በአሸዋ ፎርማ ውስጥ የሚፈስ ብረት ነው። ያ ሁሉ ሐረግና ሲንጀር የሚለው ስም አብሮ የወጣውም ለዚህ ነው። ጊዛ ክብደትና ንዝረት ይችላል፤ መዶሻ ግን አይችልም። እንደ ተራ ብረት አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ስለዚህ ከፒካፕ ላይ እንዳትጥሉት።

እንዴት ይታደሳል?

1. ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱት። ስትገጥሙት ታመሰግኑናላችሁ።

2. ብሎኑ እምቢ ካለ አትደብድቡት። ዘይት ወይም ናፍታ ጠብ አድርጉበትና ይደር።

3. ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት አስለቅቁ። በውሃ ካጠባችሁት ወዲያው አድርቁት፤ እርጥብ ጊዛ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል።

4. በላምባ ወልውላችሁ ሲደርቅ አንቲረስት ቀቡት። ከዚያ ቀለሙን ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ድገሙት። ፔዳሉና ትልቁ ጎማ የሚዞሩበትን ቦታ ግን ቀለም አታስነኩ፤ እዚያ የሚገባው ዘይት ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን የሚገድብ ደንብ ያወጣችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ማስክ አድርጉ፣ ደጅ ሥሩ፣ ቀለሙን እርጥብ አድርጋችሁ ፋቁት፣ ልጆችን አርቁ።

ከተሰበረስ?

በርና መስኮት የሚሠራው በያጅ ጋ ይዛችሁ አትሩጡ። ጊዛን በተራ ኤሌክትሮድ ስትበይዱት ሲቀዘቅዝ ከብየዳው ጎን መልሶ ይሰነጠቃል። «የጊዛ ብየዳ» የሚል ታፔላ ያለው ቤት ፈልጉ። በናስ ወይም በኒኬል ኤሌክትሮድ ይሠራሉ፤ ብረቱንም ቀድመው አሙቀው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ያደርጉታል።

ጠረጴዛ ወይስ መኪና?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ጠረጴዛ ለማድረግ ብዙዎች ፔዳሉን ያስራሉ ወይም በግራይንደር ይቆርጡታል። የተቆረጠ እግር ደግሞ ወደ መኪናነት አይመለስም። ሲንጀር ኩባንያ በአሜሪካ የተመሠረተው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ሱሪ የሚያሳጥሩልን ልብስ ሰፊዎች ዛሬም በእግር መኪና ይሠራሉ። መብራት ቢጠፋ ሥራቸው አይቆምም። ለእነሱ ይህ እግር እንጀራ ነው።

አሠራሩም ቀላል ነው፦ እግር ፔዳሉን ይረግጣል፣ ዘንጉ ትልቁን ጎማ ያዞራል፣ ቺንጋው ደግሞ ጉልበቱን ወደ ላይኛው መኪና ያደርሳል። የቆዳው ቺንጋ ከላላ ትንሽ ቆርጦ መልሶ ማያያዝ ይበቃል። ብዙ ጊዜ «ሞቷል» የተባለ መኪና የጎደለው ዘይትና ቺንጋ ብቻ ነው።

ስለዚህ የኛ ምክር፦ ጠረጴዛ ማድረግ ከፈለጋችሁ አድርጉ፤ ግን ምንም አትቁረጡ። ጣውላውን በብሎን እሰሩት፣ የፈታችሁትን ዕቃ በፌስታል አስቀምጡ፣ የላይኛውንም መኪና አትሽጡ። ነገ ከቤተሰቡ መስፋት የሚፈልግ ሊመጣ ይችላል።

የእናንተ ቤት ሲንጀር የት ነው ያለው? ሳሎን፣ ጓሮ ወይስ ቁራሌው ወስዶታል? ፎቶውን ላኩልን።