በሶሻል ወርክ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት የተማሪዎች ብዝኃነት፦ ለመቂና አካባቢዋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በምሥራቅ ሸዋ ዞን የዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መቂ በሞጆና በባቱ (ዝዋይ) መካከል ትገኛለች። በከተማዋ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና ጉራጊኛ ተናጋሪዎች አብረው ይኖራሉ፤ በመስኖ ወደሚለማው የሽንኩርትና የቲማቲም እርሻም የቀን ሠራተኞች ከሌላ አካባቢ ይመጣሉ። እንዲህ ባለ ከተማ የሶሻል ወርክ ሙያን የሚማሩት እነማን እንደሆኑ ድጋፍ ፈላጊውን ነዋሪ በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ብዝኃነት ለምን ያስፈልጋል?

የሶሻል ወርክ ባለሙያ በችግር ላይ ያሉ ግለሰቦችን፣ ቤተሰቦችንና ማኅበረሰብን ያማክራል፣ ያግዛል፣ ከሚገባቸው አገልግሎትም ጋር ያገናኛል። ለዚህ ሥራ መሠረቱ መተማመን ነው። በቤቷ ጥቃት የደረሰባት እናት የባለሙያውን ቋንቋ ካላወቀች ምሥጢሯን በጎረቤት አስተርጓሚ በኩል ለመናገር ትገደዳለች፤ ብዙውን ጊዜም ዝምታን ትመርጣለች። መስማት የተሳነው ወጣትም የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ካላገኘ ጉዳዩን በሙሉ ማስረዳት አይችልም።

ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞች፣ ከገጠር የመጡና የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ሲማሩ ጥቅሙ የጋራ ነው። ዓይነ ስውር የክፍል ጓደኛ ያለው ተማሪ በወረቀት ብቻ የተዘጋጀ ቅጽ ማንን ከአገልግሎት ውጭ እንደሚያደርግ ይረዳል። ይሁን እንጂ የአንድ ብሔር ወይም ቋንቋ ተወላጅ መሆን ብቻውን ባለሙያ አያደርግም፤ የሙያ ሥነ ምግባር፣ ምሥጢር ጠባቂነትና የመስክ ልምምድ ከማንኛውም ተማሪ ይጠበቃሉ።

ትምህርቱ ከየት ተነሣ?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ተቋርጦ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ እንደገና ተጀመረ። የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በአዲስ አበባና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች መሰጠቱ ከመዲናዋ ርቀው ላደጉ ተማሪዎች ዕድሉን አስፍቷል። ለመቂ ቅርብ የሆነው የአዳማው ዩኒቨርሲቲ ትኩረቱ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ስለሆነ፣ ሙያውን የሚፈልግ የአካባቢው ተማሪ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ማን መማር ይችላል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የማለፊያ ውጤት 50 በመቶ ነው። ይህ መስፈርት ተግባራዊ በሆነበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህም ምክንያት የማካካሻ (ሪሜዲያል) ትምህርት ተጀምሯል። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች የሚደረገው ልዩ ድጋፍ በየዓመቱ በሚወጣው የምደባ መመሪያ ይገለጻል።

ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ፤ ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደቡትም በምርጫቸው፣ በውጤታቸውና በክፍሉ የመቀበል አቅም መሠረት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የወጪ መጋራት ሥርዓት ስላለ፣ የተማሪው ድርሻ ከምረቃ በኋላ ከገቢው ሊከፈል ይችላል። የገንዘብ እጥረት ያለባቸው ቤተሰቦች ይህን ቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

አመልካቾች ምን ማድረግ አለባቸው?

• ምርጫ ከመሙላታቸው በፊት ዩኒቨርሲቲው የሶሻል ወርክ የመጀመሪያ ዲግሪ እንደሚሰጥ ማረጋገጥ፤
• የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች የሕክምና ማስረጃቸውን ቀድመው ማዘጋጀትና የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ በምዝገባ ወቅት ማሳወቅ፤
• የግል ኮሌጅ የሚመርጡ ተማሪዎች የትምህርት መስኩ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያገኘ መሆኑን ማጣራት፤
• ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ መሆኑን ማወቅ።

አፋን ኦሮሞን፣ ጉራጊኛን ወይም የምልክት ቋንቋን አጥርቶ ማወቅ ለዚህ ሙያ ትልቅ ሀብት ነው። የመቂ ወጣቶች ይህን ሀብት ይዘው ሙያውን ሲማሩ፣ ነገ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሚቆም ባለጉዳይ በራሱ ቋንቋ የሚሰማው ባለሙያ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።