የወደዱትን ይዞ ስለ መሰለፍ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን ለማስረዳት ያሰብነው ጉዳይ መጀመሪያ ሲሰሙት የልጆች ነገር ብቻ ሊመስል ይችላል። ይኸውም ፖኬሞን በሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ አንድ ተጫዋች ከፍጥረቶቹ መካከል አንዱን አብልጦ ሲወድ፥ የተወደደውም ፍጥረት ከሌሎቹ ይልቅ ደካማ ሆኖ ሲገኝ፥ ወዳጁን ሳይጥል ለብርቱ ውድድር የሚበቃ ቡድን እንዴት ሊያደራጅ ይችላል የሚለው ጥያቄ ነው። ቀኑን በመሥሪያ ቤት ውሎ ማታ ወደ ቤቱ የሚገባ አባት ልጆቹ በዚህ ነገር ሲከራከሩ ቢሰማ፥ ክርክራቸው ከንቱ ጫጫታ አለመሆኑን ይረዳ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ እንጀምራለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ጨዋታው በጃፓን አገር በ1996 ለሕዝብ ቀረበ። ያሰበው ሳቶሺ ታጂሪ የተባለ ሰው ሲሆን፥ በልጅነቱ ነፍሳትን እያደነ መሰብሰብ ይወድ ስለ ነበር፥ ያን ደስታ ለከተማ ልጆች በጨዋታ መልክ ለመስጠት ፈለገ ይባላል። በመጀመሪያ 151 የነበሩት ፍጥረቶች ዛሬ ከ1000 በላይ ሆነዋል። ተጫዋቹ ፍጥረቶቹን ይይዛል፥ ያሠለጥናል፥ ከሌላ ሰው ፍጥረቶች ጋርም ያጋጥማል። ታሪኩን በዚህ እናሳልፈውና ወደ ውድድሩ ሕግ እንለፍ።

በዓለም ሻምፒዮና ደንብ እያንዳንዱ ተጫዋች 6 ፍጥረቶች አስመዝግቦ ይመጣል። ከግጥሚያው በፊት ሁለቱም የባላጋራቸውን ስድስቱን ያያሉ፤ ካዩም በኋላ እያንዳንዱ ከራሱ ስድስት 4 ብቻ ይመርጣል። በሜዳው ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆሙት ሁለት ሁለት ናቸው። እያንዳንዱ ፍጥረት 4 የጦር ስልቶች ብቻ ያውቃል፥ አንድ ስንቅ ብቻ ይይዛል። በእኛ አገር ሰንጠረዥ ሁለቱ ባላጋሮች እኩል ሠራዊት ይዘው ይቀመጣሉ፤ ብልሃቱ ያለው በአነዳዱ ነው። በዚህ ጨዋታ ግን ሠራዊቱን የሚመርጠው ተጫዋቹ ራሱ ስለ ሆነ፥ ከድሉ የሚበዛው ክፍል ገና እቤት ሳለ የሚሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ፍጥረቶቹም እኩል አይደሉም። እያንዳንዳቸው ጤንነት፥ ማጥቃት፥ መከላከል፥ ልዩ ማጥቃት፥ ልዩ መከላከልና ፍጥነት የሚባሉ ስድስት የተፈጥሮ ቍጥሮች አሏቸው። ለምሳሌ ጋርቾምፕ የሚባለው ዘንዶ የእነዚህ ቍጥሮች ድምር 600 ነው። በ2006 የታየችው ፓቺሪሱ ግን ሽኮኮ የምትመስል፥ ቁመቷ 40 ሳንቲሜትር፥ ክብደቷ 3.9 ኪሎ የሆነች የኤሌክትሪክ ፍጥረት ስትሆን ድምሯ 405 ብቻ ነው። እንግዲህ ፓቺሪሱን የሚወድ ልጅ ምን ያድርግ?

ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የወደደውን ፍጥረት ከኀያላኑ ጋር በኀያላኑ ሥራ ሊያወዳድረው ይነሣል። በጨዋታው ሥልጠና የሚቈጠር ነገር ነው፤ አንድ ፍጥረት በጠቅላላው 510 የሥልጠና ነጥብ ሊቀበል ይችላል፥ ለአንዱ ችሎታ ግን ከ252 በላይ አይሰጠውም። ከዚህም ሌላ ጠባዩ አንዱን ችሎታ በመቶ 10 ከፍ፥ ሌላውን በመቶ 10 ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። አሁን ሒሳቡን እንመልከት። በውድድሩ ሁሉም በደረጃ 50 ይሰለፋሉ። ፓቺሪሱ ለማጥቃት 252 ነጥብ ቢሰጣት፥ ጠባይዋም ለዚያው ቢመረጥላት፥ የማጥቃት ቍጥሯ 106 ይደርሳል። ጋርቾምፕ ግን አንድም ነጥብ ሳይቀበል፥ ጠባዩም ሳይረዳው 150 አለው፤ በሥልጠናና በጠባይ ቢረዳ 200 ይሆናል። ስለዚህ ፓቺሪሱን አጥቂ ለማድረግ የሚደክም ሰው ሥልጠናውን ሁሉ አፍስሶ ያልሠለጠነ ጋርቾምፕን እንኳ አይደርስበትም። ይህ ፍቅር ሳይሆን የሚወዱትን አለማወቅ ነው እንላለን።

በመሥሪያ ቤት ደንቡ ለሥራው ሰው መፈለግ ነው፤ ለሰው ሥራ መፈለግ ያስነቅፋል። የወደዱትን ይዞ ለመሰለፍ የሚሻ ተጫዋች ግን ደንቡን ገልብጦ ለሰውየው ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህም ከማንም ይልቅ ጥብቅ መሆን አለበት። የሚጠይቀውም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ ፍጥረት የሚሠራውን ያህል በዚህ ቡድን ውስጥ የሚሠራ ሌላ አለን?» የሚል ነው። ካለ፥ በቅንነት እንነጋገር ካልን፥ የተወደደው ፍጥረት ሥራ አልተገኘለትም ማለት ነው፤ ፍለጋው ይቀጥላል።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ በ2014 በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የታየው ነው። በዕድሜ ከፍ ያሉት በሚወዳደሩበት ክፍል ያሸነፈው ሴ ጁን ፓርክ የተባለ የደቡብ ኮሪያ ተወላጅ ሲሆን፥ በቡድኑ ውስጥ ፓቺሪሱ ነበረች። ፓርክ እርስዋን ሲመርጥ በልቡ ምን ያህል ፍቅር እንደ ነበረ መመርመር የእኛ ሥራ አይደለም። እኛን የሚያስፈልገን የሰጣት ሥራ ነው፤ በዚያ ሥራ ከእርስዋ የሚሻል ሊገኝ አይችልም ነበርና።

የፓርክ ቡድን ዋና ክንድ ጋያራዶስ ነበረ። ይህ 6.5 ሜትር ርዝመት ያለው የባሕር ዘንዶ የውሃና የበረራ ዓይነት ሲሆን፥ አንድ ክፉ ጕድለት አለበት፤ የኤሌክትሪክ ምት በአራት እጥፍ ይጎዳዋል። በጨዋታው ሜጋ የሚባለውን ለውጥ ሲያደርግ የውሃና የጨለማ ዓይነት ይሆናል፤ ያን ጊዜም ኤሌክትሪክ በሁለት እጥፍ ይጎዳዋል። እንግዲህ ባላጋራ ጋያራዶስን ባየ ጊዜ መብረቅ ሊልክበት መቸኰሉ የታወቀ ነው።

ፓቺሪሱ ከጎኑ የቆመችው ለዚህ ነው። ከስልቶቿ አንዱ «ተከተሉኝ» እንደ ማለት ያለ ነው፤ በዚያ ተራ ባላጋራ በአንድ ፍጥረት ላይ ያነጣጠረውን ምት ሁሉ ወደ ራስዋ ትስበዋለች። በዚህም ላይ ኤሌክትሪክን የምትጠጣ ተፈጥሮ ስላላት፥ ለጋያራዶስ የተላከው መብረቅ ወደ እርስዋ ዞሮ እርስዋን መጉዳቱ ቀርቶ ከሙሉ ጤንነቷ ሩብ ያህሉን ይመልስላታል። የጠላት መሣሪያ ለወዳጅ መድኀኒት ሆነ ማለት ነው። ምት የምትስብ ሌላ ፍጥረት አለች፥ ኤሌክትሪክ የሚጠጣም ሌላ አለ፤ ሁለቱን ባንድነት ይዛ ከጋያራዶስ አጠገብ የምትቆም ግን ይህች ትንሽ ሽኮኮ ናት።

ሌሎቹም ስልቶቿ የተመረጡት ድካሟ እንዳይታይ ተደርጎ ነው። አንደኛው በሹል ጥርስ ነክሶ የባላጋራን የቀረ ጤንነት ግማሽ የሚወስድ ነው። ይህ ንክሻ የነካሹን የማጥቃት ቍጥር ፈጽሞ አይጠይቅም፤ ጋርቾምፕ ቢነክስ ከሚወስደው አንድ ነጥብ እንኳ አያንስም ማለት ነው፥ ጋርቾምፕ ይህን ስልት ቢያውቅ ኖሮ። (የመንፈስ ዓይነት የሆኑትን ግን ንክሻው አይነካቸውም።) ሌላው ጕንጭን በባላጋራ ላይ አሻሽቶ የሚያደነዝዝ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው የጨዋታው ሕግ የደነዘዘ ፍጥረት ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርድ ነበር፤ ከ2016 ወዲህ ወደ ግማሽ ሆኗል። ካንጋስካን የሚባለው፥ በዚያ ዓመት እጅግ ይፈራ የነበረው ፍጥረት፥ በሜጋ መልኩ ፍጥነቱ እስከ 167 ሊደርስ ሲችል ከደነዘዘ በኋላ 41 ይቀርለታል። ጋያራዶስ ያለ ምንም ሥልጠና 101 አለውና ቀድሞ ይመታል።

ሥልጠናውም ለጽናት እንጂ ለማጥቃት አልነበረም። ለጤንነት 252 ነጥብ የተሰጣት ፓቺሪሱ ጤንነቷ ከ135 ወደ 167 ከፍ ይላል። የሚሰለፉትም ሁለት ሁለት እየሆኑ ስለ ሆነ፥ በእርስዋ ላይ የሚባክን እያንዳንዱ ተራ ለጋያራዶስ በሰላም የሚሠራበት ተራ ነው። ጋያራዶስ ሊማረው የሚችል አንድ የዘንዶ ጭፈራ አለ፤ አንድ ጊዜ ቢጨፍረው ማጥቃቱና ፍጥነቱ በግማሽ ይጨምራሉ። ከባላጋራ የተሰረቀ አንድ ተራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ነገር ግን ጥንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው የቀሩትም መተሳሰር አለባቸው። ሜጋ የሆነው ጋያራዶስ ከኤሌክትሪክ በቀር የሣር፥ የድብድብ፥ የነፍሳትና የተረት ዓይነቶች ይጎዱታል። የፓርክ ቡድን ታሎንፍሌም የምትባል የእሳትና የበረራ ወፍ ነበረችበት። በረራ ሣርን፥ ድብድብንና ነፍሳትን በሁለት እጥፍ ይመታል፤ እሳትም የተረትን ምት ያቀልላል። ወፊቱን ደግሞ ድንጋይ በአራት እጥፍ ይሰብራታል፥ ኤሌክትሪክም ይጎዳታል። ጋርቾምፕ የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ የመሬትና የዘንዶ ዓይነት በመሆኑ ድንጋይ አይከብደውም፥ ኤሌክትሪክም ከቶ አይነካውም። ጋርቾምፕን በረዶ በአራት እጥፍ ይጎዳዋል፤ በረዶን ግን ሜጋ የሆነው ጋያራዶስ ይችለዋል። ጋርቾምፕን የዘንዶ ምትም ይጎዳዋል፤ ጋርዴቮር የተረት ዓይነት ስለ ሆነች የዘንዶ ምት በእርስዋ ላይ ዋጋ የለውም። ፓቺሪሱን ራስዋን የሚጎዳት የመሬት ምት ብቻ ነው፤ ታሎንፍሌምና ገና ሜጋ ያልሆነው ጋያራዶስ የሚበርሩ ስለ ሆኑ መሬት አይነካቸውም። ስድስተኛዋ ጎቲቴል ናት፤ ይህ ዝርያ በጥላው ባላጋራን ይዞ ከሜዳ እንዳይወጣ የሚያግድ ተፈጥሮ ሊኖረው ይችላል።

አድማጭ እንደሚያስተውለው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ፓቺሪሱን ለማስደሰት ብቻ የገባ የለም። የእርስዋ ጓደኞች ያለ እርስዋም ብርቱዎች ናቸው። የወደዱትን ፍጥረት ተሸካሚዎች በሚሆኑ አምስት ሎሌዎች ከብበው ወደ ሜዳ የሚወጡ ተጫዋቾች ሞልተዋል፤ ባላጋራ ያንን አንዱን ቀድሞ ሲጥልባቸው የቀሩት አምስቱ የሚሠሩት ሥራ ያጣሉ። በእኛ አስተያየት ይህ ከመጀመሪያው ስሕተት የባሰ ነው፤ የመጀመሪያው አንድ ቦታ ያባክናል፥ ሁለተኛው ስድስቱንም።

የጕድለቱንም ነገር ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። «ተከተሉኝ» የሚስበው በአንድ ፍጥረት ላይ ያነጣጠረ ምትን ነው፤ ሁለቱን ባንድነት የሚመታ የድንጋይ ናዳ ወይም የምድር መናወጥ በመጣ ጊዜ ፓቺሪሱ ጓደኛዋን ልታድነው አትችልም። ባላጋራም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ስድስቱን አይቶ አራቱን በሚመርጥበት ሰዓት፥ ባላጋራው እንደዚህ ባለ ምት የተሞላ መሆኑን ያየ ተጫዋች ወዳጁን ከውጭ ማስቀመጥ ሊኖርበት ነው። ይህ ለአፍቃሪ ከባድ ነው። ሆኖም ከስድስቱ አንዷ መሆን ማለት በእያንዳንዱ ግጥሚያ መሰለፍ ማለት አይደለም፤ ከውጭ ተቀምጣም ቢሆን ባላጋራው ስላያት፥ «ትመጣ ይሆን?» እያለ መብረቁን ለመላክ እንዲያመነታ ታደርገዋለች።

ሌላ ወዳጅ ያለው ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግለታል። ፒካቹን የሚወድ፥ ለፒካቹ ብቻ የተሠራ የብርሃን ኳስ የሚባል ስንቅ መኖሩን ይወቅ፤ ማጥቃቱንና ልዩ ማጥቃቱን እጥፍ ያደርጋል፥ ጽናት ግን አይሰጠውም። እንግዲህ ለፒካቹ የሚያስፈልገው ከፓቺሪሱ ተቃራኒ ነው፤ እርስዋ ጓደኛዋን ትጋርዳለች፥ እርሱን ግን ጓደኛው ይጋርደዋል።

ቡድኑ ከተሠራ በኋላ የሚቀረው ሙከራ ነው። አንድ ደብተር ይያዝ፤ ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ በሜዳው ላይ የነበሩት ሁለቱ እነማን እንደ ነበሩ፥ የተመቱትም በምን ዓይነት ምት እንደ ሆነ ይጻፍ። ያው ምት ደጋግሞ ከተገኘ መጀመሪያ የሚለወጠው ከወዳጁ አጠገብ የሚቆመው ጓደኛ ነው። ያ ካልረዳ የወዳጁ ሥልጠናና ስንቅ ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜ ስምንት ነጥብ ከአንዱ ችሎታ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻውን ይበቃል፥ በአንድ ጤንነት መትረፍና መውደቅ የሚለዩበት ግጥሚያ ጥቂት አይደለምና። ይህም ሁሉ ተደርጎ ሽንፈቱ ከቀጠለ፥ ያን ጊዜ ደብተሩን ከፍቶ ያንኑ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደገና መጠየቅ ነው፤ ይህ ፍጥረት የሚሠራውን ሌላ ይሠራዋልን?