የመኪና ቴፕ ሲቀየር

በአዲስ አበባ ከተማ በስተደቡብ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ስሙን ሁሉም ይጠራዋል። ትርጉሙን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት፣ በ1920ዎቹ ዓመታት፣ በዚህ አካባቢ አንድ የመልእክት ጣቢያ ተሠርቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው የሚያውቀው ስልክ እንጨት ተተክሎ፣ ሽቦ ተዘርግቶ የሚሠራውን ነበር። ይህ ጣቢያ ግን ሽቦ ሳይዘረጋ መልእክቱን በአየር ላይ ይልክ ነበር። ስለዚህ «የንፋስ ስልክ» ተባለ። ስሙም ለሠፈሩ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር፣ መልእክቱን የሚያደርሰው ንፋስ አይደለም። ንፋስ ባይነፍስም ይደርሳል። የሚያደርሰው የራዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱ በዓይን አይታይም፤ በእጅም አይዳሰስም። ረጅም ብረት ግን ይይዘዋል። አንቴና የምንለው ይህንኑ ብረት ነው።

ዛሬ ወደዚህ ክፍለ ከተማ ብዙ የገበሬ ምርት በመኪና ይገባል። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከቦታው ተነሣ። ለጥቂት ጊዜ ጃን ሜዳ ቆይቶ፣ በኋላ ላፍቶ ውስጥ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደ ተሠራው የገበያ ማዕከል ተዛወረ። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ሌሊት ይገባል፤ ጧት ያራግፋል። ሾፌሩ መኪናው እስኪራገፍ ድረስ የጎደለውን ያስጠግናል። አንዱ ጎማ ያስለጥፋል። ሌላው ቴፕ ያስቀይራል።

ቴፕ መባሉ ራሱ የሚገርም ነው። ካሴት የሚበላው ቴፕ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን የሚገጠመው ራዲዮ ያለበት፣ ፍላሽ የሚሰካበት ዕቃ ነው። ስሙ ግን ቴፕ እንደሆነ ቀረ። እኛም እዚህ ቴፕ እንለዋለን።

«ቴፕ መቀየር ምን ችግር አለው? አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን መክተት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ በሽቦ ምክንያት የሚቃጠል መኪና ባልኖረ። ቴፑ ሲበላሽ የሚጠፋው የቴፑ ዋጋ ብቻ ነው። ሽቦው ሲሳሳት ግን መኪናው ከነጭነቱ ሊሄድ ይችላል። ጭነቱ ደግሞ የገበሬው የስድስት ወር ድካም ነው። ስለዚህ መኪና ያለው ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ምርቱን በመኪና የሚያስጭን ሰውም ይህን ነገር ቢያውቅ አይጎዳም።

ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚገባን የባትሪውን ኃይል ነው። ይህ የሚለካው በቮልት ነው። ቮልት ማለት የኮረንቲ ግፊት ማለት ነው። ከከፍታ ላይ በቦይ የሚወርድ ውኃ ግፊት እንዳለው ሁሉ፣ ኮረንቲም በሽቦ ውስጥ ሲሄድ ግፊት አለው። ትናንሽ መኪኖችና ሚኒባሶች አንድ ባትሪ አላቸው፤ ግፊቱም 12 ቮልት ነው። ብዙዎቹ አይሱዙዎችና ሌሎች የጭነት መኪኖች ግን ተያይዘው የሚሠሩ ሁለት ባትሪዎች አሏቸው። 12 እና 12 ሲደመር 24 ቮልት ይሆናል። የመኪና ቴፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለ12 ቮልት ነው። 24 ቮልት ሲገባበት ወዲያው ይቃጠላል።

ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ ቴፑን ከመንካቱ በፊት «ጋሼ፣ ባትሪው ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ሁለት ነው ልጄ» ሲባል «እንግዲያው ኮንቨርተር ያስፈልገናል» ይላል። ኮንቨርተር ማለት 24 ቮልቱን ተቀብሎ 12 አድርጎ የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ ነው። ዋጋውን ለመቆጠብ ሲባል ግን ሌላ አቋራጭ አለ። ይኸውም ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ ሽቦ አውጥቶ ቴፑን ማገናኘት ነው። ቴፑ ይሠራል፤ ሾፌሩም ደስ ይለዋል። ደስታው ግን አይቆይም። ሁለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አንዱን በሬ ለብቻው ማታ ማታ ሌላ ሥራ ብናሠራው፣ ጧት በቀንበር ሥር ይደክማል። ጓደኛውንም ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ባትሪም እንዲሁ ነው። ቴፑ የሚጠባው ባትሪ እየደከመ ይሄዳል፤ ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላል። በመጨረሻ ሁለቱም ይበላሻሉ። የሁለት ባትሪ ዋጋ ከኮንቨርተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ቮልቱ በቴፑ ሽፋን ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ነው። ቁጥሩ ግን እኛም በሒሳብ መጽሐፋችን የተማርነው ቁጥር ነው። 12 የሚለውን ማንም ፊደል የቆጠረ ሰው ያነበዋል። የመደመር ምልክት (+) ፖዘቲቩን ያሳያል። የመቀነስ ምልክት (−) ኔጌቲቩን ያሳያል። በባትሪው ራስ ላይም እነዚሁ ምልክቶች አሉ።

አሁን ወደ ሽቦዎቹ እንምጣ። ከአዲስ ቴፕ ጀርባ የሚወጡት ሽቦዎች ብዙ ስለሆኑ ያስፈራሉ። የቴፑ ሕይወት ግን በሦስቱ ላይ ነው። ቢጫው ሽቦ ኮረንቲ ሁልጊዜ የሚያገኝ ነው። ቴፑ ሰዓቱንና የተያዙለትን ጣቢያዎች የሚያስታውሰው በዚህ ነው። ቀዩ ሽቦ ኮረንቲ የሚያገኘው የመኪናው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው። ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል። የመኪናው ብረት አካል ራሱ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንደ አንድ ትልቅ ሽቦ ያገለግላል። ብረቱ ቀለም ከተቀባ ወይም ዝገት ከያዘ ግን ኮረንቲ በደንብ አያሳልፍም፤ መፋቅ አለበት።

ቢጫውና ቀዩ ቢቀያየሩ ቴፑ ይሠራል፤ ግን ቁልፍ በወጣ ቁጥር ሁሉን ይረሳል። ሁለቱም አንድ ላይ ተጠምዝዘው ሁልጊዜ ኮረንቲ ካለበት ሽቦ ጋር ከታሰሩ ደግሞ የባሰ ነው። ቁልፉ ቢወጣም ቴፑ አይጠፋም። ሾፌሩ ድምፁን ቀንሶ ከተኛ፣ ባትሪው ሌሊቱን ሲጠባ ያድራል። ጧት ቲማቲም እንደጫነ «ግፉልኝ» ማለት ይጀምራል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አዲሱ ቴፕ ቀለም ነው። የመኪናው የራሱ ሽቦ ቀለም ሌላ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል በብዙ ቶዮታዎች ላይ ሁልጊዜ ኮረንቲ ያለበት ሽቦ ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር አለው። በቁልፍ የሚመጣው ግራጫ ነው። ኔጌቲቩ ቡናማ ነው። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር እያለ የሚያገናኝ ሰው ያለ መላ ይሠራል። ከዚህም ሌላ መኪናው ከዚያ በፊት በስንት እጅ እንደተነካካ ማን ያውቃል?

መድኃኒቱ ቴስተር ነው። ቴስተር ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ፣ በውስጡ ትንሽ አምፖል ያለበት መሣሪያ ነው። የአንዱ ጫፍ መቆንጠጫ ከመኪናው ብረት ጋር ይያዛል፤ የሾለው ጫፍ ሽቦውን ይነካል። ቁልፉ ሳይዞር አምፖሉ ከበራ ያ ሽቦ ለቢጫው ነው። ቁልፉ ሲዞር ብቻ ከበራ ለቀዩ ነው። ሦስተኛም አለ፤ የመኪናው የውጭ መብራት ሲበራ ብቻ የሚበራ። ይህን ከቀዩ ጋር ያገናኘ ሰው ቀን ቀን ዝም የሚል፣ ማታ ማታ የሚዘፍን ቴፕ ያገኛል። ከፍተሻው በኋላ፣ ሽቦዎቹ ከመታሰራቸው በፊት፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ይህን ሳያደርግ ሽቦ የሚልጥ ሠራተኛ ካያችሁ ማስቆም ትችላላችሁ።

የቀሩት ሽቦዎች አብዛኞቹ የስፒከር ናቸው። ለአንድ ስፒከር ሁለት ሽቦ አለ፤ አንዱ ባለ አንድ ቀለም፣ ሌላው በዚያው ቀለም ላይ ጥቁር መስመር ያለበት። ነጭና ግራጫ የፊት፣ አረንጓዴና ሐምራዊ የኋላ ናቸው። በጣም አሮጌ በሆኑ መኪኖች ላይ የስፒከሩ አንዱ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰር ነበር። በዛሬው ቴፕ እንዲህ ከተደረገ የቴፑ ማጉያ ይቃጠላል። ሁለቱም ሽቦዎች በቀጥታ ከስፒከሩ ወደ ቴፑ መምጣት አለባቸው።

የተገናኘ ሽቦ ሁሉ ለየብቻው በናስትሮ መጠቅለል አለበት። መንገዳችን ኮረኮንች ነው። መኪና ሲንቀጠቀጥ ያልተጠቀለለ ሽቦ ከዳሽቦርዱ በስተኋላ ካለው ብረት ጋር ይፋተጋል። ፖዘቲቭ ሽቦ ብረት ሲነካ ደግሞ ኮረንቲው በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ ሽቦው ይግላል፤ ላስቲኩም ይነዳል። ይህን የሚከለክለው ፊውዝ ነው። ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ሽቦ ነው። ኮረንቲ ሲበዛ ቀድሞ ተበጥሶ መንገዱን ይዘጋል። ቴፖች ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 የሚል ቁጥር ያለው ፊውዝ አላቸው። የተበጠሰውን በዚያው ቁጥር መተካት ነው። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ በፊውዙ ቦታ የሚከት ሰው አለ። ይህ ሰው ዘበኛውን ከበር አንሥቶ ሌባውን ግባ ብሏል።

ሽቦው ሁሉ ተስተካክሎ ራዲዮው ጣቢያ አልይዝ ቢል፣ ወደ አንቴናው መሄድ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ አንዱ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ነው። አንቴና ደግሞ የሞገዱን አንድ አራተኛ ቢሆን ጥሩ ይይዛል። ይህም 75 ሳንቲሜትር፣ በእኛ አለካክ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ነው። አንቴናው ሲሰበር ማንኛውንም አጭር ሽቦ የሚሰካ ሰው ለምን ድምፁ እንደሚንጫጫ አሁን ይገባዋል። ከአንቴናው ወደ ቴፑ የሚመጣው ገመድም ተራ ሽቦ አይደለም። በመካከሉ አንድ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ዙሪያውን ደግሞ የተጎነጎነ ሽቦ ይከበዋል። የተጎነጎነው በአንቴናው ሥር ከመኪናው ብረት ጋር መገናኘት አለበት። መኪናው ቀለም ሲቀባ አንቴናው ተነቅሎ በቀለም ላይ ከተመለሰ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ሥሩን ፍቆ ማጥበቅ ብቻ ስንቱን ራዲዮ አድኗል። በአንዳንድ መኪና ደግሞ አንቴናው አጭር ሆኖ በውስጡ ማጉያ አለው። እርሱም ኮረንቲ ይፈልጋል። ከቴፑ የሚወጣው ሰማያዊ ሽቦ ለዚህ ነው። ይህ ሽቦ ከተረሳ ራዲዮው ደንቆሮ ይሆናል።

ኤፍ ኤም እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከፉሪ ተራራ ላይ የሚተላለፍ ጣቢያ ለላፍቶ ሰው ጥርት ብሎ ይሰማል። መኪናው ርቆ ከተራራ ጀርባ ሲገባ ግን ይደክማል። ይህ የቴፑም የአንቴናውም ጥፋት አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር ግን አለ፤ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ቴፕ የቀየረበት ነው። ወደ አገራችን ከገቡት ያገለገሉ መኪኖች ብዙዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ሲነዱ የነበሩ ናቸው። የአንዳንዶቹ መሪ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሯል፤ ራዲዮው ግን የጃፓኑ ነው። በጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ያበቃል፤ በኋላ የተሠሩት እስከ 95 ይደርሳሉ። በእኛ አገር ከ88 እስከ 108 ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። ራዲዮው ጤነኛ ነው፤ ቁጥራቸው ግን እርሱ ዘንድ የለም። እንዲህ ሲሆን አንቴና መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ወይ ቴፑ ይቀየራል፤ ወይ በአንቴናውና በቴፑ መካከል ቁጥሩን የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ ይገባል። ዕቃው 16 የሚቀንስ ከሆነ 97.1 በ81.1 ላይ፣ 102.1 በ86.1 ላይ ይሰማል። ይህም ዕቃ ኮረንቲ ይፈልጋል፤ ከቀዩ ሽቦ ጋር ይገናኛል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ያሉት አሮጌ መኪኖች እየተጠገኑ ገና ብዙ ይነዳሉ፤ ይህም ጥያቄ ቶሎ አይቀርም።

የወጣውን አሮጌ ቴፕ ሠራተኛው «ይህ ምን ያደርግልሃል፣ እዚሁ ተወው» ሊል ይችላል። የሚሠራ ከሆነ አትተዉት። በገጠር በፀሐይ የሚሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ያለው ቤት ዛሬ ጥቂት አይደለም። በዚያ ላይ ቢጫውና ቀዩ ሽቦ አንድ ላይ ተደርገው በፊውዝ በኩል ወደ (+)፣ ጥቁሩ ወደ (−) ይታሰራል። መካከሉ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ይግባበት። ለአንቴና አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ሽቦ ከአንቴናው መሰኪያ መካከል ጋር አገናኝቶ ቀጥ አድርጎ መስቀል ይበቃል፤ ጣቢያው ሩቅ ከሆነ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይሰቀላል። ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ግን ከውጭ የተሰቀለው ሽቦ ይነቀል።