ተከራይ ይወጣል፣ ቃሉ ይቀራል

ጎግል ማፕስ እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ ላይ ለሕዝብ ሲከፈት ዋና ሥራው መንገድ ማሳየት ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት ይፈልግ የነበረ ፖል ራደማከር የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ሌላ ሥራ ጨመረለት። ክሬግስሊስት ላይ የሚወጡትን የኪራይ ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ ከካርታ ጋር ማመሳከር ቢታክተው፣ የካርታውን የውስጥ አሠራር ራሱ መርምሮ ማስታወቂያዎቹን በየቦታቸው አሰፈራቸው። ‹‹ሀውዚንግ ማፕስ›› የተባለው ይህ ገጽ የሁለት ድርጅቶችን ንብረት ማንንም ሳያስፈቅድ ያጋባ ነበር። ጎግል ግን አልከሰሰውም፤ በዚያው ዓመት ካርታውን ለማንኛውም ሶፍትዌር ሠሪ ክፍት አደረገ፣ ሰውየውንም ኋላ ላይ ቀጠረው። ዛሬ በየስልካችን ካርታ ላይ ዋጋው ተለጥፎ የምናየው የኪራይ ቤት መነሻው የአንድ ቤት ፈላጊ ድካም ነው።

ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ችግሩ ሌላ ሆኗል። ቤት ማግኘት ቀልሏል፤ ስለ ቤቱ የተጻፈውን ማመን ግን ከብዷል። አከራዩ በካርታው ላይ ያለውን ገጹን እንዴት ያስተዳድር፣ ተከራዩ ምን ብሎ መጻፍ ይችላል፣ የተጻፈውንስ ማን ማንሣት ይችላል የሚለው ክርክር ከካርታው ጋር አብሮ አድጎ ሕግ አውጪዎች ዘንድ ደርሷል።

አስቀድሞ ብዙ አከራይ የማያውቀውን አንድ ደንብ ላንሣ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2009 የሚሸጡና የሚከራዩ ቤቶችን በራሱ ካርታ ላይ ማሳየት ጀምሮ ነበር፤ ተጠቃሚው ማነሱን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ በ2011 ተወው። አሁን ባለው ደንቡ ለሚከራይ ቤት፣ ለባዶ አፓርትመንት ወይም ለዕረፍት ማሳለፊያ ቤት እንደ ንግድ ድርጅት ገጽ መክፈት አይፈቀድም። የሚፈቀደው ደንበኛ እየገባ የሚስተናገድበት የኪራይ ቢሮ ነው። ሠላሳ ቤት በአንድ ቢሮ የሚያከራይ ድርጅት በካርታው ላይ የሚኖረው አንድ ምልክት ነው ማለት ነው። የሳሎኑን ፎቶ ለጥፎ የቤቱን ቁጥር የድርጅት ስም ያደረገ አከራይ፣ ገጹ ሲታገድበት ‹‹ምን አጠፋሁ?›› ማለቱ አይቀርም። እኔ በዚህ ጉዳይ ከደንቡ ጋር ነኝ። ቤቱ ሲከራይ የኪራይ ማስታወቂያው ሥራውን ይጨርሳል፤ ካርታው ላይ የተተከለው ምልክት ግን እዚያው ይቆያል። ከዚያ ወዲህ በር የሚንኳኳበት አከራዩ ሳይሆን ገብቶ የሚኖረው ቤተሰብ ነው።

ይህ የግል ደህንነት ጉዳይም ነው። ከመኖሪያ ቤቷ ሆና ሁለት ሦስት ቤት የምታከራይ ሴት ገጽ ስትከፍት የራሷን በር ለዓለም ታሳያለች። ጎግል ደንበኞቻቸው ዘንድ ሄደው ለሚያገለግሉ ድርጅቶች አድራሻን ደብቆ የሥራ አካባቢን ብቻ የማሳየት አማራጭ አለው። የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ማከራያው ኤርቢኤንቢ ደግሞ ገና ላልተከራየ ሰው ብዙውን ጊዜ ትክክለኛውን በር አያሳይም፤ የሚያሳየው አካባቢውን የሚጠቁም ክብ ነው።

የኪራይ ቢሮ ያለው ሰው ቀጣይ ፈተናው ገጹ የእርሱ መሆኑን ማስመስከር ነው። ቀድሞ በፖስታ የሚላክ ኮድ ይበቃ ነበር፤ አሁን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቪዲዮ ነው፤ መንገዱ፣ በበሩ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ባለቤቱ በቁልፍ ከፍቶ ሲገባ። ከዚህ ለሚብሰው ጣጣ ግን ሰው ብዙም አይዘጋጅም። ገጹን መጀመሪያ የከፈተው ማስታወቂያ እንዲሠራ የተቀጠረ ወጣት ወይም ተጣልቶ የወጣ ሥራ አስኪያጅ ይሆንና፣ ገጹ በእርሱ የግል ኢሜይል ታስሮ ይቀራል። ባለቤቱ በራሱ ድርጅት ስም ለተጻፈ ወቀሳ መልስ መስጠት አይችልም፤ ስልክ ቁጥሩን እንኳ ማስተካከል አይችልም። ርክክብ መጠየቂያ መንገድ አለ፤ ቢሆንም ገጹ ከመጀመሪያው በድርጅቱ ኢሜይል ቢከፈት ይህ ሁሉ መንገላታት ባልመጣ ነበር።

ወደ አስተያየቶቹ እንምጣ። ስለ አፓርትመንቶች የሚጻፈውን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሮ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ጽሑፉ የሚበዛው በመግቢያና በመውጫ ነው። ቁልፍ የምታስረክበው የቢሮ ሠራተኛ ‹‹አምስት ኮከብ ይስጡን፣ ስሜንም ይጥቀሱልኝ›› ትላለች፤ ሻንጣውን ገና ያልፈታው ተከራይም ደስ ብሎት ይሰጣል። ሲወጣ ደግሞ የዋስትና ገንዘቡ ‹‹ለቀለም››፣ ‹‹ለጽዳት›› እየተባለ ተቆራርጦ ይደርሰውና አንድ ኮከብ ጥሎ ይሄዳል። በመካከል ያለው ኑሮ አይጻፍም። አሳንሰሩ በወር ስንቴ ይቆማል? ለጥገና የተደወለ ስልክ በስንት ቀን መልስ ያገኛል? በረሮ አለ? ግድግዳው ድምፅ ያሳልፋል? አዲሱ ተከራይ ማወቅ የሚፈልገው ይህን ሆኖ ሳለ የሚነግረው የለም። ምግብ ቤትን የወቀሰ ሰው ነገ ሌላ ቦታ ይበላል፤ ተከራይ ግን በወቀሰው ሰው ጣራ ሥር ያድራል፣ ውሉንም የሚያድስለት ያው ሰው ነው። ስለዚህ 4.3 የሚል አማካይ ቁጥር ስናይ፣ የመግቢያ ደስታና የመውጫ ንዴት ተደምረው መካፈላቸውን ልብ ማለት ይገባል።

አከራዮች ይህን ንዴት ለማፈን የሄዱበት ርቀት የሚገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ አፓርትመንት ተከራዮቹን መጥፎ አስተያየት ቢጽፉ 10 ሺህ ዶላር ሊያስቀጣ የሚችል የውል ተጨማሪ ማስፈረሙ ተጋልጦ ነበር። ወረቀቱ ተከራዩ ስለ ቤቱ የሚጽፈውና የሚያነሣው ፎቶ ሳይቀር የአከራዩ ንብረት ይሁን ይላል። በዓመቱ ሶልት ሌክ ሲቲ ያለ ሌላ አፓርትመንት በ5 ቀን ውስጥ እርሱን በፌስቡክ ወዳጅ ያላደረጉ ተከራዮችን ውል እንዳፈረሱ እንደሚቆጥር የሚገልጽ ወረቀት በተከራዮቹ በር ላይ ለጠፈ። የአሜሪካ ኮንግረስ በዚያው በ2016 መጨረሻ፣ በተዘጋጀ ውል ደንበኛን አስተያየት እንዳይሰጥ መከልከልን ሕገ ወጥ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ይህን ሕግ ሥራ ላይ ሲያውል ከተነኩት መካከል የቤት አከራዮች ነበሩ። አንዱ የፍሎሪዳ የዕረፍት ቤቶች አከራይ ሲሆን፣ ውሉ ከአምስት ኮከብ በታች የሆነን ማንኛውንም አስተያየት እንደ ጥፋት ቆጥሮ ቢያንስ 25 ሺህ ዶላር ያስጠይቃል ይል ነበር። አራት ኮከብ የሰጠ ሰው ባለዕዳ ሊሆን ማለት ነው። ሌላው በሜሪላንድ የሚሠራ የቤት አስተዳደር ድርጅት ነው። ሜሪላንድ ብዙ ወገኖቻችን ተከራይተው የሚኖሩባት ግዛት ስለሆነች፣ ይህ ሕግ መኖሩን እዚያ ያለ አንባቢ ቢያውቀው አይከፋም።

ማፈን ሲከለከል መግዛት አለ። ሩምስተር የተባለውን የኪራይ ቤትና የደባል መፈለጊያ መተግበሪያ ጉዳይ ከሁሉ በላይ አስተማሪ ሆኖ አገኘዋለሁ። የንግድ ኮሚሽኑ ከ6 ግዛቶች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲከሰው፣ ማስታወቂያዎቹ ሁሉ የተረጋገጡ ናቸው እያለ ምንም አያረጋግጥም፣ በአፕልና በጎግል የመተግበሪያ መደብሮች ላይ የተደረደሩለት አራትና አምስት ኮከቦችም በአሥር ሺዎች የተገዙ ናቸው ብሎ ነበር። መርማሪዎች ነገሩን ለመፈተን አንድ የሐሰት ማስታወቂያ አስገቡ፤ የሰጡት አድራሻ የፖስታ ቤት ነበር። ሩምስተር ተቀበለው፣ ማስታወቂያውም ለወራት ሳይነሣ ቆየ። ያንን ያየ ቤት ፈላጊ ገንዘብ ከፍሎ የሚያገኘው የፖስታ ቤት አድራሻ ነው! በ2023 በተደረሰው ስምምነት ከ36 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደበት፣ ቅጣትም ተጨመረበት፤ መክፈል ስለማይችል ግን የከፈለው 1.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። አስተያየቶቹን የሸጠው ሰው 100 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ካርታው ላይ ባይሆንም የተጎዳው ያው ቤት ፈላጊ ነው፤ በብዛት ደግሞ ርካሽ ቤት የሚፈልግ ተማሪና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጠብቋል። ኮሚሽኑ በ2024 ያወጣውና በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ የዋለው ደንብ የሐሰት አስተያየት መግዛትንና መሸጥን፣ የራስ ሠራተኛ ማንነቱን ደብቆ ማሞገሱን፣ ተቺን በማስፈራራት ዝም ማሰኘትን ይከለክላል፤ አንድ ጥፋት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሊያስቀጣ ይችላል። ብሪታንያም በ2025 ሚያዝያ (እ.ኤ.አ.) ተመሳሳይ ክልከላ ጀምራለች። የችግሩን ስፋት ለማየት የጎግልን የራሱን ቁጥር መጥቀስ ይበቃል፤ በ2023 ያገዳቸው ወይም ያነሣቸው ደንብ የጣሱ አስተያየቶች 170 ሚሊዮን ሲሆኑ በ2024 ከ240 ሚሊዮን አልፈዋል። በዚያው ዓመት 12 ሚሊዮን የሐሰት የድርጅት ገጾችንም ማስወገዱን አስታውቋል።

ታዲያ በቅን የሚሠራ አከራይ አንድ ኮከብ ሲጣልበት ምን ያድርግ? አስተያየት መቀበልን መዝጋት አይቻልም። ማመልከት ይቻላል፤ ጎግል የሚያነሣው ግን ደንቡን የጣሰውን እንጂ ‹‹ውሸት ነው›› የተባለውን ሁሉ አይደለም። ዋስትናው በትክክል ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም በሚል ጠብ ውስጥ ዳኛ ሆኖ አይገባም። ደስተኛ ተከራዮችን ብቻ መርጦ ‹‹ጻፉልን›› ማለትና ለአስተያየት የኪራይ ቅናሽ መስጠትም በደንቡ የተከለከሉ ናቸው። የሚቀረው መልስ መጻፍ ነው፤ እኔ እንደማየው ትልቁ መሣሪያም እርሱ ነው። ‹‹የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶ እንደነበር እውነት ነው፣ በሳምንቱ ተቀይሯል›› የሚል ሁለት መስመር ከሃያ ‹‹በጣም አሪፍ!›› ይልቅ አዲሱን ተከራይ ያሳምነዋል። አንዳንዱ ግን መልስ ሲሰጥ የተከራዩን ስም፣ የቤት ቁጥሩን፣ ኪራይ ያሳለፈበትን ወር ሳይቀር ይዘረግፋል። ያንን ያነበበ ሰው የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ነገ የእኔም ገመና እንዲሁ ይወጣል።

አዲስ አበባ ላይ ጨዋታው ይለያል። በቴሌግራም የሚለጠፈው የኪራይ ማስታወቂያ ‹‹ቦሌ አካባቢ›› ወይም ‹‹አያት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ›› ይላል እንጂ በሩን አያሳይም። ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሩ ከታወቀ ተከራዩ በቀጥታ ወደ አከራዩ ይሄዳል፣ ደላላውም ኮሚሽኑን ያጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በአዋጁ የተጻፈውን የሚያውቅ ተከራይ ግን ጥቂት ነው። ካርታው በእውነት የሚያገለግለው ገስት ሃውሶችንና ፈርኒሽድ አፓርትመንቶችን ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት የሚመጣ ቤተሰብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆኖ ማረፊያ ሲፈልግ ዘመድ ከመላኩ በፊት ካርታ ይከፍታል፣ ኮከብ ይቆጥራል፣ ቀብድ ይልካል። የገስት ሃውሱ ባለቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገጹን ከከፈተበት ቀን ወዲህ አይቶት አያውቅም፤ ስልኩ የተቀየረ፣ ፎቶው ከዕድሳቱ በፊት የነበረ፣ ‹‹ሙቅ ውሃ አልነበረም›› የሚለው ወቀሳ መልስ ያጣ ነው። ይህን ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ገጽ መክፈትም ማስተዳደርም በነፃ ነውና። ‹‹በካርታ ላይ አንደኛ አደርግሃለሁ፣ አምስት ኮከብ እሰበስብልሃለሁ›› ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው የሚሸጥልዎ ገጹን የሚያሳግድ ነገር ነው።

ቀብድ ከመላክዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን አስቀድመው ያንብቡ፤ ስለ ኑሮው በዝርዝር የሚጽፉት በብዛት እነርሱ ናቸው። ቀኖቹንም ይዩ፤ በአንድ ሳምንት የወረዱ አሥር ምስጋናዎች ሊያጠራጥርዎ ይገባል። እርስዎ ራስዎ ቤት ሲለቁ ደግሞ ስለ ዋስትናው ብቻ አይጻፉ። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣ እንደነበር፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሣ እንደሆነ፣ ጥገና ሲጠይቁ ማን በስንት ቀን እንደመጣ ይጻፉ። የሚቀጥለው ተከራይ የሚፈልገው ያንን ነው።