ከፋጉሎ ጆንያ እስከ ወተት ኩባያ

ለመሆኑ ለልጅዎ የሚሰጡት ወተት ከየት እንደሚጀምር አስበው ያውቃሉ? ከላሟ ግት ነው ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ በፊት መኖ መሸጫ ሱቅ አለ፤ በዚያም ከጠዋት እስከ ማታ የፉርሽካ ብናኝ ለብሳ የምትውል ሠራተኛ አለች።

ሥራዋን ቀላል አድርገው አይገምቱት። ጆንያ ታራግፋለች፣ ትመዝናለች፣ ትሰፋለች፤ ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳም አፍና አፍንጫዋን መሸፈን ይገባታል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ኃላፊነቱ ነው። እርጥበት ያገኘው ፋጉሎ ይሻግታል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ከመኖው ወደ ላሟ፣ ከላሟም ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ መርዙ መገኘቱን፣ ዋነኛ ምንጩም የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አመልክቷል።

እንግዲህ ሠራተኛዋ ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርጋ በርብራብ ላይ ስትደረድር፣ ከግድግዳ ስታርቅ፣ ቀድሞ የገባውን አስቀድማ ስትሸጥ የልጅዎን ጤና መጠበቋ ነው። «የሻገተውን ከደህናው ደባልቀሽ ሽጪ» ስትባል «አይሆንም» ካለች ግን እንጀራዋን ልታጣ ትችላለች።

እርስዎም ላም ካለዎት ከመግዛትዎ በፊት ጆንያው ይከፈትልዎ፤ ይመልከቱ፣ ይዳስሱ። የሻጋታ ሽታ ያለው፣ የተጓጎለ ወይም የሞቀ ከሆነ በርካሽ ቢሰጥዎም አይውሰዱ። እውነቱን የነገረችዎን ሻጭ ደግሞ ደንበኛ ያድርጓት። ሐቀኛ ሻጭ የምትበረታው ሐቀኛ ገዢ ስታገኝ ነውና።