ፖዶኮኒዮሲስ፦ ተጋላጭነቱ ቢወረስም በጫማ መከላከል የሚቻል በሽታ

በአዲስ አበባ፣ በፒያሳና በአራዳ ሱቆች የሚደረደረው ጫማ ለከተማ ነዋሪ የዘወትር መጫሚያ ነው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ለሚያርስ ገበሬ ግን የበሽታ መከላከያ ነው።

በሕዝብ ዘንድ ዝሆኔ ከሚባሉት በሽታዎች አንዱ የሆነው ፖዶኮኒዮሲስ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ላይ ይከሰታል። የአፈሩ ጥቃቅን ብናኞች በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎችን ስለሚጎዱ እግር ያብጣል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ይሁንና በአንድ መሬት ላይ ከሚኖሩት መካከል የሚታመሙት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው። ምክንያቱን ለማወቅ በደቡብ ኢትዮጵያ በ194 ሕሙማንና በ203 ጤነኞች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የዘረመል ጥናት፣ ተጋላጭነቱ የሰውነትን በሽታ የመከላከል ሥርዓት ከሚመሩ ዘረመሎች ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል።

በተመሳሳይ ሁኔታ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ይፋ የሆነ በሜክሲኮና በላቲን አሜሪካ ተወላጆች ላይ የተደረገ ጥናት በአውሮፓውያን ዘንድ እምብዛም የማይገኝ፣ ለስኳር በሽታ የሚያጋልጥ የዘረመል ልዩነት አግኝቷል። ይህም ጥናቶች የየሕዝቡን ዘረመል ማካተት እንዳለባቸው ያስገነዝባል።

በአንዳንድ አካባቢዎች የፖዶኮኒዮሲስ ሕሙማን ቤተሰቦች «በዘራቸው አለ» በሚል ከጋብቻ ይገለላሉ። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። የተጋላጭ ቤተሰብ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢጫማና እግሩን በሳሙና ቢታጠብ ከበሽታው ሊጠበቅ ይችላል። በመሆኑም ጫማን ማዳረስና መገለልን ማስቀረት የጤና ባለሙያው ብቻ ሳይሆን በየደረጃው የሚገኝ የአስተዳደር አካል ኃላፊነት ጭምር ነው።