አንዱ ሲያወርድ ሌላው እንዳይቸገር፦ የጋራ ኢንተርኔትን መደልደል

በፈረስ ቤትም ሆነ በፍኖተ ሰላም አንድ የኢንተርኔት መስመር በሚጋራ ቤት፣ አንዱ ፊልም ሲያወርድ ሌላው በቴሌብር መክፈል፣ ተማሪውም ትምህርቱን መከታተል ሊሳነው ይችላል። ነገሩ እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ የላይኛው ማሳ ውኃውን ከጠለፈው ለታችኛው አይደርስም።

የመስመር ፍጥነት በሜጋ ቢት፣ የፋይል መጠን በሜጋ ባይት ይለካል፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው። በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍ መስመር 600 ሜጋ ባይት ፊልም ለማውረድ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

የውኃ አባት ድርሻ እንደሚደለድል ሁሉ፣ በርካታ ራውተሮችም በማስተካከያ ገጻቸው ለእያንዳንዱ ስልክ የፍጥነት ጣሪያ ያበጃሉ። ለአውራጁ 2 ሜጋ ቢት ቢወሰንለት ፊልሙ በ40 ደቂቃ ይደርሳል፤ ቀሪው ለክፍያና ለትምህርት ይተርፋል። ራውተሩ ይህ አገልግሎት ከሌለው ትልልቅ ፋይሎችን ሌሊት ማውረድ ይበጃል።